በቀዳዳማ ድንጋይ ላይ ፈርን ማሳደግ፦ ለጎንደር ቤቶች ዝርዝር መመሪያ

ፈርን፣ አበባ የማያወጣው በቅጠሉ ብቻ የሚያምር ተክል፣ ድንጋይ ላይ መኖር ያውቅበታል። አስፕሌኒየም ኤትዮፒኩም የሚባለው ዝርያ በደጋና በወይና ደጋ ደኖቻችን ውስጥ የአለት ስንጥቅና የዛፍ ቅርፊት ይዞ ይበቅላል። አዲያንተም ደግሞ ውሃ ጠብ ጠብ የሚልበት ገደል ሥርና ምንጭ አካባቢ ይገኛል። ሁለቱም ጥልቅ አፈር አይፈልጉም። ሥራቸው ቀጭንና አጭር ነው፤ የሚሹትም የማይቋረጥ እርጥበት፣ ሥር ድረስ የሚገባ አየርና የለሰለሰ ብርሃን ነው።

ማሰሮ ውስጥ እርጥበትንና አየርን አንድ ላይ ማግኘት ይከብዳል። ውሃ ሲበዛ አፈሩ አየር ያጣል፣ ሥሩ ይበሰብሳል፤ ሲያንስ ደግሞ ቅጠሉ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ይኮማተራል። ውሃ የሚስብ ቀዳዳማ ድንጋይ ግን ከሥሩ ካለው ሳህን ውሃ እየሳበ ጠባቦቹን ቀዳዳዎች በውሃ፣ ሰፋፊዎቹን በአየር ይሞላል። ሥሩ ሁለቱንም ጎን ለጎን ያገኛል። ስለዚህ ውሃው ከሳህኑ ተነስቶ ቅጠሉ ጫፍ እስኪደርስ የሚሄድበትን መንገድ የተረዳ ሰው ፈርኑ ለምን እንደሚያምርበትና ለምን እንደሚጠወልግ ራሱ ማወቅ ይችላል። ይህ መመሪያም ያንን መንገድ ተከትሎ ይሄዳል።

ጎንደር ለዚህ ተክል ግማሽ ዓመት ደግ፣ ግማሽ ዓመት ኃይለኛ ናት። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ብዙ መልፋት አያስፈልግም። ከጥቅምት ወዲህ ግን ዝናቡ ይቆማል፣ አየሩ ይደርቃል፤ የካቲት፣ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ድርቀቱና ሙቀቱ አንድ ላይ ይመጣሉ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች የቀጥታ ፀሐይዋም ያቃጥላል። የቧንቧ ውሃ መቋረጡንና ሳሎን ውስጥ የሚጨሰውን ከሰልና ዕጣን ስንጨምርበት፣ ከሌላ አገር የተጻፈ ምክር እንዳለ ቢወሰድ ለምን እንደማይሠራ ግልጽ ይሆናል።

ድንጋዩን መምረጥ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ፈርን ቢሞት ሌላ ይተከላል፤ ውሃ የማይስብ ድንጋይ ላይ የተተከለ ግን ምንም ብትንከባከቡት አያድግም።

ጎንደር የቆመችው በጥንት ዘመን ከእሳተ ገሞራ በፈሰሰ አለት ላይ ነው፤ ይሁንና እሳተ ገሞራ የወለደው ድንጋይ ሁሉ አንድ አይደለም። ለግንብና ለአጥር የምንጠቀምበት ጥቁር ከባድ ድንጋይ ባዛልት ነው፤ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ውሃ ላዩ ላይ ተንሸራቶ ይወርዳል። በፋሲል ግቢ ያሉትን ቤተ መንግሥቶች ልብ ብሎ ያየ ሰው ግድግዳው ጥቁር ሆኖ የበሩና የመስኮቱ ቅስት በቀላ ድንጋይ መከበቡን ያስታውሳል። ያ ቀላ ያለው ከእሳተ ገሞራ አመድ የተጋገረ፣ ቀለል ያለና ለመቅረጽ የሚመች ነው። እኛ የምንፈልገውም የዚህን ዓይነት ባሕርይ ያለው ድንጋይ ነው። ከግቢው፣ ከቁስቋም፣ ከየትኛውም ፍርስራሽ ወይም አሮጌ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ግን አንድም ድንጋይ አይነሳ፤ መሬት ላይ የወደቀውም ቢሆን። ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥ ያለ ነው፤ የወደቀው ድንጋይ ደግሞ ለጥገና ተመልሶ ይፈለጋል። ግንበኞች ሬድ አሽ የሚሉትን ቀይ ቀዳዳማ ድንጋይ ከሚሸጡ የግንባታ ዕቃ ነጋዴዎች ዘንድ ትላልቁን አስመርጣችሁ መውሰድ ትችላላችሁ። ከ15 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው፣ ሥሩ ጠፍጣፋ ሆኖ ሳይወላገድ የሚቆም ይሁን።

ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። ቀዳዳው ትልልቅ የሆነው ድንጋይ ዓይን ይማርካል፤ ውሃ ወደ ላይ በመሳብ በኩል ግን ደካማው እሱ ነው። ውሃ በጠባብ ቧንቧ ውስጥ ከፍ የሚለው በቧንቧው ጥበት ልክ ነው፤ 1 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ውስጥ ወደ 3 ሴንቲ ሜትር፣ 3 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ውስጥ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይወጣል። ስፋቱ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ሲሆን ግን 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ መውጣት ይችላል። ስለዚህ በትልልቆቹ ቀዳዳዎች መካከል ያለው የድንጋዩ ሥጋ ራሱ በዓይን የማይለይ ጥቃቅን ቀዳዳ ሊኖረው ይገባል። የኩራዝ ክር ጋዙን ወደ ነበልባሉ የሚያደርሰው በዚሁ መንገድ ነው።

ይህን በዓይን ከመገመት መፈተን ይሻላል። ድንጋዩን ፀሐይ ላይ አድርቁት፤ ከዚያ 2 ሴንቲ ሜትር ውሃ ባለው ሳህን ውስጥ አቁሙትና አሳድሩት። ጠዋት የረጠበው ክፍል በቀለሙ ጠቆር ብሎ ይታያል። እርጥበቱ ከግማሽ በላይ ከወጣ ጥሩ ድንጋይ ነው። ጫፉ ድረስ ከወጣ በጣም ጥሩ ነው። ከሳህኑ ውሃ ጥቂት ብቻ ከፍ ብሎ የቆመ ከሆነ ለጌጥ አኑሩትና ሌላ ፈልጉ። ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ በጣም ቀላል ድንጋይ ብታገኙም አትቸኩሉ፤ ቀዳዳዎቹ እርስ በርስ ሳይገናኙ ተዘግተው ሊሆን ስለሚችል ያንኑ ፈተና ይለፍ።

ሁለተኛው ፈተና አጭር ነው። ጥቂት አቼቶ ወይም ሎሚ ጠብ አድርጉበት። አረፋ ከሠራ ኖራ አለበት። አዲያንተም ኖራ ያለበትን ድንጋይ አይጠላም፤ ሌሎቹ የቤት ፈርኖች ግን ኮምጠጥ ያለ ሥፍራ ስለሚመርጡ እንዲህ ያለውን ድንጋይ ለእነሱ አትምረጡ። በሲሚንቶ የተለሰነ ቁራጭም እንደዚሁ ይቅር።

ማጠብና መብሳት

አዲስ ድንጋይ አቧራና የደቀቀ አመድ ስላለበት ጥቃቅኖቹ ቀዳዳዎች ይደፈናሉ። ውሃ እያፈሰሳችሁ በጠንካራ ብሩሽ ፈትጉት፤ ቀጥሎ ሳፋ ውስጥ ዘፍዝፉትና ውሃውን በየቀኑ ለውጡ። ውሃው ጠርቶ እስኪቀር ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 5 ቀን ይፈልጋል። ሳሙናም በረኪናም አትጨምሩ፤ ቀዳዳው ውስጥ ገብተው በቀላሉ አይወጡም። እሳት ላይ አድርጎ ማምከንም አደገኛ ነው፤ ውስጡ የቀረ ውሃ ተንኖ ድንጋዩን ሊያፈነዳው ይችላል።

ፈርኑ የሚቀመጥበት ጉድጓድ ከላይ ወይም ከጎን ይበሳል። ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ጥልቀትና የዚያኑ ያህል ስፋት ይበቃል። ቀይ ድንጋይ ለስላሳ ስለሆነ በመሮና በመዶሻ ቀስ እያሉ መፈልፈል ይቻላል። ድንጋዩ ርጥብ ሆኖ ቢበሳ አቧራው አይነሳም፤ ይህ አቧራ ለሳንባ ጎጂ ነው፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ ዓይናችሁንም በመነጽር ጠብቁ። ጉድጓዱ እስከ ሥር እንዳይወጋ ተጠንቀቁ፤ ከጉድጓዱ በታች ያለው ያልተነካ ድንጋይ ውሃውን የሚያጣራና የሚመጥን ክፍል ነው።

የትኛውን ፈርን?

ለጀማሪ ኔፍሮሌፒስ ይሁን። ችግኝ ጣቢያዎች ዘንድ በብዛት የሚገኘው፣ ረጃጅም ላባ የመሰሉ ቅጠሎቹን ወደ ታች የሚለቀው ነው። ከዘመዶቹ መካከል ኔፍሮሌፒስ ኮርዲፎሊያ የተባለው ሥሩ ላይ ውሃ የሚያጠራቅሙ ትናንሽ እብጠቶች ስላሉት የውሃ መቋረጥን ከሌሎቹ የተሻለ ይችላል። ጎንደር ውስጥ ምርጫ ቢሰጠኝ ከሁሉ አስቀድሜ እሱን እወስዳለሁ።

ዳቫሊያ ካገኛችሁ ለድንጋይ የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል። ፀጉር የለበሰ ወፍራም ግንዱ ድንጋዩን አቅፎ እየተሳበ ይሄዳል። ያ ግንድ ከተቀበረ ይበሰብሳልና ላዩ ላይ ተጋድሞ በክር ብቻ ይታሰር። አዲያንተም በውበቱ የሚወዳደረው የለም፤ ነገር ግን ደረቅ አየር ለአንድ ቀን እንኳ አይችልም። የመጀመሪያውን የበጋ ወቅት በሌላ ፈርን ካለፋችሁ በኋላ ብትሞክሩት ይሻላል።

እሾህ ያለው፣ መርፌ የመሰሉ ደቃቅ ቅጠሎች ያሉትና በአበባ ሻጮች ዘንድ ፈርን ተብሎ የሚሸጥ ተክል አለ። እሱ የሴት ቀስት የሚባለው ተክል ዘመድ እንጂ ፈርን አይደለም፤ አበባና ፍሬ ያፈራል፣ ፍሬውም ለልጆችና ለእንስሳት መልካም አይደለም። ይህ መመሪያ ለእሱ አይሠራም።

መትከል

ጊዜው ከሰኔ መጨረሻ እስከ ነሐሴ ነው። አየሩ እርጥብ ስለሆነ የተነካካው ሥር ሳይደርቅ ይይዛል። መስከረም ላይም ይቻላል። ከጥር እስከ ሚያዝያ ግን አትትከሉ።

ትንሽ ፈርን ምረጡ፤ ከ4 እስከ 6 ቅጠል ያለው ይበቃል። ትልቁን ለማስገባት ሥሩን መቁረጥ ስለሚያስፈልግ ተክሉ ይጎዳል። አፈሩን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ቀስ እያላችሁ አራግፉት። ሁሉንም ለማጽዳት አትታገሉ፤ ከሥሩ ጋር የተጣበቀው ቢቀር ምንም አይደል፣ ሸክላማ ዋልካ አፈር ከሆነ ግን በደንብ ይውጣ። ዋልካ ሲረጥብ ቀዳዳውን ይለስነዋል፤ ሲደርቅ ደግሞ ተሰንጥቆ ሥር ይበጥሳል።

ጉድጓዱ ውስጥ የሚገባው ሙሌት ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ በደንብ የበሰበሰ የቅጠል ብስባሽና ከድንጋዩ ስትፈለፍሉ የወጣው ደቃቅ ስባሪ፣ እኩል በእኩል። ስባሪውን አትጣሉት ማለት ነው። ድንጋዩ ውሃ ጠጥቶ ይዘጋጅ፤ ደረቅ ድንጋይ ከሥሩ ላይ ውሃ ይመጥጣል። ጥቂት ሙሌት ከታች ጨምሩ፣ ሥሩን ዘርግታችሁ አስገቡ፣ ዙሪያውን ሙሉና በጣት ጫፍ ቀለል አድርጋችሁ ጠቅጥቁ። ሙሌቱ የጉድጓዱን ግድግዳ መንካቱ ወሳኝ ነው። በመካከል ባዶ ቦታ ከቀረ ውሃው ድንጋዩ ጋ ደርሶ ይቆማል፣ ወደ ሥሩ አይሻገርም። ቅጠሎቹ የሚወጡበት እምብርት ከድንጋዩ ገጽ ጋር እኩል ወይም ትንሽ ከፍ ይበል እንጂ አይቀበር።

ተክሉ የሚወዛወዝ ከሆነ በጥጥ ክር ከድንጋዩ ጋር አላልታችሁ እሰሩት። ጥጡ በወራት ውስጥ በስብሶ ራሱ ይለቃል፤ እስከዚያ ሥሩ ይይዛል። ሽቦ አይሁን። በመጨረሻም ጠራ ያለ ፌስታል ቅጠሉን ሳይነካ ከላይ አልብሱትና ለ2 ወይም ለ3 ሳምንት ያቆዩት፤ በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ ግለጡለት። አዲስ ቅጠል ተጠቅልሎ ብቅ ሲል ሥሩ ይዟል ማለት ነው፤ ያኔ ፌስታሉን በአንድ ቀን ከማንሳት ቀዳዳ አበጅታችሁለት በየቀኑ እያሰፋችሁ አስለምዱት።

ቦታውና ብርሃኑ

ጎንደር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህም ምክንያት ከሚያዝያ 15 ገደማ እስከ ነሐሴ 14 ገደማ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ከከተማዋ በስተሰሜን ታልፋለች፤ በቀሪው ጊዜ በስተደቡብ። ኅዳር፣ ታኅሣሥና ጥር ላይ ዝቅ ብላ በደቡብ ስለምትሄድ በደቡብ መስኮት የሚገባው ብርሃን እስከ ክፍሉ መካከል ይዘልቃል። ይህ ለፈርን ከባድ ነው። ወደ ሰሜን የሚያይ መስኮት ለአብዛኛው ዓመት ከሁሉ የተመቸ ነው። ወደ ምሥራቅ የሚያየውም ስስ መጋረጃ ካለው ጥሩ ነው፤ እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ያለው ለስላሳ ፀሐይ አይጎዳውም። የምዕራብ መስኮት ከሰዓት በኋላ ስለሚያቃጥል ድንጋዩ ከመስኮቱ ቢያንስ 2 ሜትር ይራቅ።

ብርሃኑ ይበቃ እንደሆነ ለማወቅ እኩለ ቀን ላይ እጃችሁን ከተክሉ በላይ ዘርጉ። ጠርዙ ደብዘዝ ያለ ጥላ ከታየ ልክ ነው። ጠርዙ የተሳለ ጥቁር ጥላ ከሆነ ብርሃኑ በዝቷል፤ ጥላው ጨርሶ ካልታየ አንሷል።

ስለ ጭስ አጥብቄ እናገራለሁ። ቡና የሚፈላበት ማዕዘን ለፈርን አይሆንም። ከሰሉ አየሩን ያደርቃል፣ ጭሱም ቅጠሉን ይጎዳል። የለንደኑ ሐኪም ናትናኤል ዋርድ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ግቢው ውስጥ ድንጋይ ከምሮ፣ ውሃ እንዲንጠባጠብበት አድርጎ ፈርን ለማብቀል ሞክሮ ነበር። በዙሪያው ያሉት ፋብሪካዎች የሚለቁት የከሰል ጭስ ሁሉንም ገደለበት። እ.ኤ.አ. በ1829 ገደማ ግን ለሌላ ጉዳይ በክዳን በዘጋው ጠርሙስ ውስጥ፣ እርጥብ አፈር ላይ አንዲት ፈርን ራሷ በቅላ አገኘ። ተክልን በመስታወት ሳጥን ውስጥ አድርጎ በመርከብ ከአገር አገር ማጓጓዝ የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ለእኛ የሚጠቅመን ቁም ነገር ይህ ነው፦ ፈርን ለጭስ ደካማ ነው፣ ጭሱ ካልደረሰበትና አየሩ እርጥብ ከሆነ ግን በጠባብ ቦታም ይኖራል። ቡና የሚፈላው ሳሎን ከሆነ ድንጋዩን ለዚያ ሰዓት ሌላ ክፍል ውስጥ አስቀምጡት፤ ከሳህኑ ጋር አንስቶ መውሰድ ቀላል ነው።

ውሃ

ሳህኑ ከድንጋዩ ዙሪያ በየአቅጣጫው ቢያንስ 3 ሴንቲ ሜትር የሚተርፍ፣ ውሃ የማያሳልፍ ይሁን፤ ፕላስቲክ፣ ሸክላ ላዩ የተቀባ ወይም የቻይና ሳህን። የወለቃ ሸክላ ለዓይን ያምራል፤ እሱን ከፈለጋችሁ ውስጡ ሌላ ሳህን አድርጉበት። የመዳብ ዕቃና ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ ይቅር።

የውሃው ከፍታ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ነው። የድንጋዩን ቁመት ሲሶ በፍጹም አይለፍ፤ ያኔ ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ሥር ውሃ ውስጥ ተነክሮ ይቀራል። በክረምት ሳህኑ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ቢደርቅ ችግር የለም። ከየካቲት እስከ ግንቦት ግን ድንጋዩ ፈጽሞ እንዳይደርቅ። ጥቃቅኖቹ ቀዳዳዎች አንዴ ከደረቁ አየር ይገባባቸዋል፣ የውሃው መንገድም ይቋረጣል፤ ሳህኑን መሙላት ብቻውን ቶሎ አያስተካክለውም። እንዲህ ከሆነ ድንጋዩን ከነተክሉ ሳፋ ውስጥ እስከ ጉድጓዱ አፍ ድረስ ለግማሽ ሰዓት ንከሩት፤ አረፋው መውጣት ሲያቆም አንሱት።

በሳምንት አንድ ጊዜ ውሃውን ከላይ አፍስሱ። ይህን ሥራ ሰው ይዘለዋል፤ በእኔ እምነት ግን ድንጋይ ላይ ያሉ ፈርኖችን ቀስ በቀስ የሚገድለው መዝለሉ ነው። ውሃ ሁልጊዜ ከታች ወደ ላይ ብቻ ከሄደ የያዘውን ማዕድን ላይ ጥሎ ይተናል፤ ማዕድኑም ጉድጓዱ አካባቢ ነጭ ሆኖ ይጋገራል፣ ሥሩን ያቃጥላል። ድንጋዩን መታጠቢያ ቦታ ወስዳችሁ አንድ ሊትር ያህል ውሃ ከላይ በቀስታ አፍስሱበት፣ ይንጠፍጠፍ፣ ሳህኑን ፈትጋችሁ እጠቡ፣ አዲስ ውሃ አድርጉ። ይህ ትንኝ በሳህኑ ውስጥ እንዳይራባም ይከላከላል።

የትኛው ውሃ? የዝናብ ውሃ የሚተካከለው የለም። በክረምት ከጣራ የሚወርደውን፣ የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ጣራውን ካጠቡት በኋላ፣ ክዳን ባለው ጀሪካን አጠራቅማችሁ ጨለማ ቦታ አኑሩት፤ ለአንድ ድንጋይ የሚያስፈልገው ጥቂት ስለሆነ ጥቂት ጀሪካን ለበጋው ረጅም መንገድ ይሄዳል። የቧንቧውን ውሃ ክሎሪኑ እንዲወጣ አፉ ሰፊ በሆነ ዕቃ ውስጥ ሳይከደን አሳድሩት። የጉድጓድ ውሃ የምትጠቀሙ ከሆነ ማንቆርቆሪያችሁን ተመልከቱ፤ ውስጡ ነጭ ቅርፊት ከሠራ ውሃው ማዕድን ይበዛዋል። አፍልታችሁ አቀዝቅዙት፣ ዝቃጩ ሲረጋ የላይኛውን ብቻ ቅዱ።

የተረፈ ቡና፣ ሻይ ወይም የሥጋ እጣቢ ድንጋዩ ላይ አይደፋ። አፈር ውስጥ ይህን የሚበሉ ብዙ ነፍሳት አሉ፤ ድንጋይ ላይ ግን ይሻግታል።

ለጥቂት ቀናት ከቤት የምትርቁ ከሆነ ድንጋዩን ሰፋ ባለ ሳፋ ውስጥ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ውሃ አድርጋችሁ ተዉት፤ ፀሐይ የማይደርስበት መታጠቢያ ክፍል ውስጥ፣ ትንሽ ብርሃን ካለ፣ አንድ ሳምንት ይቆያል። ከዚያ በላይ ከሆነ ለጎረቤት አደራ ስጡት፤ ስትሰጡም የውሃውን ልክ በሳህኑ ላይ በቀለም ምልክት አድርጉ። ውሃ ጨምሩለት ብቻ ብትሉ ሰው በደግነት እስከ አፉ ይሞላዋል።

ደረቅ አየር

የበጋው ፈተና ይህ ነው። ድንጋዩ ረጥቦ እያለ የቅጠሉ ጫፍ የሚደርቀው ቅጠሉ የሚያተነው ውሃ ሥሩ ከሚያቀርበው ሲበልጥ ነው። በመርጫ ውሃ መርጨት ይመከራል፤ ጥቅሙ ግን ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሆነ በእሱ ብቻ አትተማመኑ። ሰፊ ሳህን ከዚህ ይሻላል። ድንጋዩ የቆመበትን ሳህን በትልቅ ትሪ ላይ አድርጉ፣ ትሪውን በጠጠርና በውሃ ሙሉ፤ ሌሎች እርጥበት የሚወዱ ተክሎችንም አጠገቡ ሰብስቡ። እርስ በርሳቸው አየሩን ያለሰልሳሉ። ነፋስ ከሚገባበት በር ፊት ይነሳ። መጋቢት ላይ ይህ ሁሉ ካልበቃ ጠራ ያለ ፌስታል እንደ መጀመሪያው ጊዜ በቀን ውስጥ ለተወሰነ ሰዓት ከላይ ይልበስ።

ሙቀቱ ከ15 እስከ 24 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሆን ይወዳል። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ ቤት ውስጥ ላለ ፈርን አያሰጋም፤ ዕድገቱን ያዘገየዋል እንጂ። ከመስኮት መስታወት ጋር እንዳይነካካ ብቻ ተጠንቀቁ።

ምግብ

ጥቂት ይበቃዋል። ፈሳሽ የቤት ተክል ማዳበሪያ ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ሩብ መጠን ብቻ በውሃ በጥብጣችሁ፣ ከላይ በምታጥቡበት ቀን፣ በወር አንድ ጊዜ። ሐምሌና ነሐሴ ብርሃን ሲቀንስ ይቅር። ለእርሻ የሚሸጠው ዩሪያ ድንጋይ ላይ አይደረግም፤ የሚያቀዘቅዘው አፈር ስለሌለ ሥሩን በቀጥታ ያቃጥለዋል።

ሲታመም

ከሥር ያሉት አሮጌ ቅጠሎች አንድ በአንድ ቢጫ መሆን የዕድሜ ጉዳይ ነው፤ ከሥራቸው ቁረጧቸው። ብዙ ቅጠል በአንድ ጊዜ ቢጫ ከሆነና እምብርቱ ከጠቆረና ከለሰለሰ ውሃው በዝቷል፤ ሳህኑን ወደ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርጉ፣ የበሰበሰውን በጸዳ ምላጭ አስወግዱ። ጫፉ ብቻ ተቃጥሎ ከተሰበረ ደረቅ አየር ወይም የተጋገረ ማዕድን ነው፤ ድንጋዩን እዩ፣ ነጭ ካለበት በብሩሽ ፈትጋችሁ ለተከታታይ ቀናት ከላይ እጠቡት። ቅጠሉ በአጠቃላይ ከገረጣ ብርሃኑ በዝቶበታል።

በቅጠሉ ጀርባ ቡናማ ነጠብጣብ አይቶ ተባይ መስሎት የሚፍቅ ሰው ብዙ ነው። ነጠብጣቦቹ በመሐል ደም ሥሩ ግራና ቀኝ ተሰልፈው እኩል ርቀት ካላቸው ስፖር የሚባለው፣ ለፈርን በዘር ፈንታ የሚያገለግለው ደቃቅ ብናኝ የሚሠራባቸው ከረጢቶች ናቸው፤ አትንኳቸው። ያለ ሥርዓት እዚህም እዚያም፣ በቅጠሉ ዘንግ ላይም ጭምር ካሉ፣ በጥፍር ሲነኩ ከተላቀቁ፣ ቅጠሉም የሚያጣብቅ ከሆነ ቅርፊት የለበሰው ተባይ ነው። በጆሮ ማጽጃ ጥጥ ውሃ አስነክታችሁ አንድ በአንድ አንሱት፤ በጣም የተወረረውን ቅጠል ቁረጡ። ፈርን ለመድኃኒት ስስ ስለሆነ የቤት ውስጥ ፀረ ተባይ አትንፉበት። በክረምት ከውጭ ያስገባችሁት ተክል ካለ ቀንድ አውጣ ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ማታ በባትሪ ብርሃን ፈልጋችሁ ልቀሙት።

ድንጋዩ አረንጓዴ ከሆነ አትጨነቁ። ሞስ የሚባለው፣ እርጥብ ድንጋይ ላይ እንደ ምንጣፍ የሚበቅል ትንሽ ተክል ነው፤ እርጥበት ያቆያል። የሚያንሸራትት ስስ አልጌ ከሆነ ግን ብርሃኑ በዝቷል ወይም ማዳበሪያው በርክቷል።

አዳዲስ ፈርኖች

አንዳንዴ ሞሱ መካከል ከ1 ሴንቲ ሜትር የማይበልጡ፣ ልብ የሚመስል ቅርጽ ያላቸው አረንጓዴ ቅጠልያዎች ይታያሉ። አትፋቋቸው! ከቅጠሉ ጀርባ የተበተነው ስፖር እርጥብ ድንጋይ ላይ አርፎ መጀመሪያ የሚያበቅለው ይህን ነው። ወንዴውና ሴቴው የሚገናኙት በዚህች ትንሽ አካል ላይ ነው፤ ለመገናኘትም ወንዴው ወደ ሴቴው የሚዋኝበት ስስ የውሃ ሽፋን ያስፈልጋል። ድንጋዩ ያለማቋረጥ ከረጠበ ከወራት በኋላ ከእያንዳንዷ ሥር እውነተኛው ፈርን ተጠቅልሎ ብቅ ይላል። ቅጠሉ 3 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ከነሞሱ በማንኪያ ጫፍ አንስታችሁ ወደ ሌላ ድንጋይ ማዛወር ትችላላችሁ።

ኔፍሮሌፒስ ይህን ሁሉ አይጠብቅም። ቅጠል የሌለው ቀጭን ዘንግ እየላከ የነካው ቦታ ላይ ሥር ይሰዳል። አጠገቡ ሌላ የታጠበ ድንጋይ በዚያው ሳህን ውስጥ አቁሙና ዘንጉን ጉድጓዱ ውስጥ ባለው ሙሌት ላይ በጠጠር አስይዙት። ሦስት ቅጠል ሲያወጣ ከእናቱ የሚያገናኘውን ዘንግ ቁረጡ፤ ያኔ ሁለተኛውን ድንጋይ ለብቻው ሳህን ሰጥታችሁ፣ ለመጀመሪያው ሳምንት ፌስታል አልብሳችሁ ለሚፈልግ ሰው መስጠት ትችላላችሁ።